ከጀልባዋ ሥር

አንድ ሰው ነበር። ቤቱ ጀልባ ነበረች።

ቤት ስላችሁ ግድግዳና ጣሪያ እንዳታስቡ። ያረጀች የእንጨት ጀልባ ናት፤ አንድ ምሰሶ፣ ሁለት ሸራ፣ ወደብ ለመግቢያ ብቻ የምትሆን ትንሽ ሞተር፣ ባልና ሚስት ጎን ለጎን የሚተኙባት አንዲት ጠባብ ክፍል። በቃ። ሰውየው ደምሰው ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በትልልቅ መርከቦች ሆድ ውስጥ ሞተር ሲጠግን የኖረ ኢትዮጵያዊ ነው። ሚስቱ ማንአህሎት ደግሞ እሱ ባሕር ለባሕር ሲዞር ሞምባሳ ተቀምጣ፣ የሰው ልብስ እየሰፋች፣ አንዲት ሴት ልጃቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቃች ሴት ናት። ጡረታ ሲወጣ ያለውን ሁሉ ጀልባዋ ላይ አፈሰሰ።

ልጃቸው አዜብ በዚያው የባሕር ዳርቻ፣ እጅግ ወደ ደቡብ፣ ምትዋራ በምትባል ከተማ አግብታ ትኖራለች። የመጀመሪያ ልጇን አርግዛ ለመውለድ አምስት ሳምንት ሲቀራት ደወለች። «እማዬ፣ ምጥ ሲይዘኝ አጠገቤ ሁኚልኝ» አለቻት።

እናት ይህን ሰምታ ትቀመጣለች? አትቀመጥም።

ደምሰውም «በራሳችን ጀልባ እንሄዳለን» አለ። «በዚህ ወራት ነፋሱ ወደ ደቡብ ነው። በሦስት ሳምንት ደጇ ላይ ነን።»

ተነሡ።

ወገኖቼ፣ የዚያን ባሕር ጠዋት ብታዩት! ውኃው ገና አልነቃም። ሰማዩ የት አብቅቶ ባሕሩ የት እንደሚጀምር አይለይም፤ ጀልባዋ በሁለት ሰማይ መካከል የተንጠለጠለች ነው የምትመስለው። ትናንሽ ዓሦች ብድግ ብለው እንደ ወፍ ይበርሩና ተመልሰው ይሰጥማሉ። በቀኝ በኩል የኮኮናት ዛፎች፣ ነጫጭ ቤቶች፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሄዳሉ። በግራ በኩል፣ ከማይታይ ደሴት፣ የቅርንፉድ ሽታ በነፋስ ይመጣል። ቀትር ላይ በሸራው ጥላ ሥር ጋደም ሲሉ ተኝተው ይሁን ነቅተው እነሱም አያውቁትም። ማንአህሎት እጇን ወደ ውኃው ሰድዳ እንዲያው በጣቶቿ መካከል ሲያልፍ ታየዋለች። ለብ ያለ ነው፤ ገና ከጡት የወጣ ወተት።

ግን አንድ ነገር አለ። ጀልባዋ አትሄድም።

ሸራው ተነፍቷል፤ ነፋሱ ከኋላ ይገፋል፤ ጀልባዋ ግን ዳገት እንደምትወጣ አህያ ናት። የዓሣ አጥማጆች ታንኳ ከኋላ ይመጣል፣ ሰላምታ ይሰጣል፣ አልፏቸው ይሄዳል።

በአምስተኛው ቀን ማንአህሎት እንዲህ አለች፦ «ደምሴ፣ ይቺ ጀልባ ሁለት ዓመት አንድ ቦታ ቆማ ነው የተነሣችው። ከሥሯ የያዛት ነገር ይኖር ይሆን? ገብተህ ብታያት።»

ፊቱ ጠቆረ። «ሥሯን እኔው ራሴ ነኝ የቀባሁት። ሥሯ ንጹሕ ነው። ያንቺ ጓዝ ነው የከበዳት።»

እሷ ምን ይዛለች? ሙቀጫ ከነዘነዘናው። ሁለት ትልልቅ ድስት። አንድ ሳጥን ጨርቅ። የልብስ ስፌት መኪናዋን። ለአራስ ልጇ፣ ለሚወለደው ሕፃን፣ ሰው አገር ላለች ሴት የሚሆን ነገር ነዋ!

ሺሞኒ የሚባል ወደብ ሲደርሱ ሙቀጫው ከነድስቱ ወረደ። ጀልባዋ ፈጠነች? አልፈጠነችም።

ታንጋ ሲደርሱ የጨርቁ ሳጥን ወረደ። ውስጡ ለሕፃኑ የተቆረጠ፣ ገና ያልተሰፋ ነጭ ጨርቅ ነበረበት። ጀልባዋ ፈጠነች? አልፈጠነችም።

ፓንጋኒ ሲደርሱ ሦስተኛው ሳምንት ተገባዷል፤ ገና ሩቡን መንገድ እንኳ በቅጡ አልጨረሱም። ደምሰው ስፌት መኪናውን በሁለት እጁ አቅፎ አወረደና ወደብ ላይ ለአንዲት ባሏ ለሞተባት ሴት ሰጣት። ሴትዮዋ እልል አለች። ማንአህሎት ጀልባዋ ላይ ቁጭ ብላ ታያለች። ያ መኪና ስንት ዓመት ቤቷን እንዳቆመ እሱ ያውቃል? ያውቃል። ግን አወረደው።

ከዚያ ወዲያ ማንአህሎት ዝም አለች። ጸብ አይደለም፤ ጸብማ ድምፅ አለው። ሻይ ታፈላለች፣ ታቀርባለች፣ ፊቷን ወደ ባሕሩ ታዞራለች። ያ ሁሉ ሰማያዊ ውኃ፣ ያ ሁሉ ብርሃን፣ ያ ሁሉ የቅርንፉድ ሽታ በሁለቱ መካከል ያልፋል፤ እነሱ ግን አብረው አላዩትም። አንድ አልጋ ላይ ተኝቶ ለየብቻ ማለም የምትሉት እሱ ነው።

ከፓንጋኒ በተነሡ በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ደምሰው መንገድ አሳጥራለሁ ብሎ ወደ ዳርቻው ተጠጋ። የዚያ አገር ባሕር በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። ውኃው ሊሸሽ ሲጀምር ጀልባዋ ጭረት የመሰለ ድምፅ አሰማችና ቆመች። አሸዋ ላይ ወጥታለች። በእንጨት ገፋ፤ አልነቃነቅ አለች። ሞተሩን አስነሣ፤ ጭቃ ብቻ አተራመሰ። ውኃው እየሸሸ፣ እየሸሸ ሄደ፤ ጀልባዋም እንደ ደከማት ሴት ቀስ ብላ በጎኗ ጋደም አለች። ከአንድ ሰዓት በፊት ባሕር የነበረው አሁን የሚያበራ አሸዋ ሆነ፤ ዓይን እስኪያይ ድረስ እርጥብ ሜዳ።

ደምሰው ራሱን ይዞ ተቀመጠ። «አለቀልን» አለ።

ከዳርቻው በኩል አንድ ሽማግሌ ዓሣ አጥማጅ አሸዋውን እያቋረጠ መጣ። ባካሪ ይባላል። ባልና ሚስቱ በሞምባሳ ስለኖሩ የአገሩን ቋንቋ ያውቃሉ፤ ሰላምታ ተለዋወጡ።

ደምሰው «አባባ፣ ሰው ጥሩልኝ፤ እንግፋት» አለው።

«ልጄ፣ መቶ ሰው ቢመጣ አይገፋትም። ያስቀመጣት ውኃ ራሱ ያነሣታል። ቁጭ በል» አለ ባካሪ። ከዚያ በጀልባዋ ዙሪያ ሄደ። በወዲያ ጎን ቆመና ይስቅ ጀመር። «እናንተ ሰዎች! እርሻ ተሸክማችሁ ነው እንዴ የምትጓዙት? ኑ እዩ!»

ወርደው ዞሩ።

ወገኖቼ፣ የጀልባዋ ሆድ አይታይም ነበር። ቀለም የለ፣ እንጨት የለ። ከዳር እስከ ዳር እንደ ድንጋይ የጠነከረ ዛጎል በዛጎል ላይ ተጋግሮ፣ በዛጎሉ ላይ ክንድ የሚያህል የባሕር ሣር በቅሎ፣ በሣሩ ውስጥ ትናንሽ ሸርጣኖች ይሯሯጣሉ። የስንት ስፌት መኪና ክብደት ነው? የስንት ሙቀጫ ክብደት ነው?

ማንአህሎት እጇን ሰድዳ ዳሰሰችው። ዛጎሉ ጣቷን ቆረጣት። ደሙን አየችና ወደ ባሏ ዞረች።

እሱም አሸዋውን እያየ እንዲህ አለ፦ «ማንአህሎት፣ እኔ ዋና አልችልም።»

«ምን?»

«ሠላሳ ዓመት ባሕር ላይ ኖሬ ዋና አልችልም። ገብቼ ማየት ነበረብኝ፤ ውኃውን ፈራሁ። ፈራሁ እንዳልልሽ ደግሞ አፈርኩ።»

አየችው። «ሙቀጫዬ ሄደ» አለች። «ጨርቄ ሄደ። መኪናዬ ሄደ። የቀረ ዕቃ የለም። ቀጥሎ ማንን ልታወርድ ነበር?»

ሠላሳ ዓመት ሞተር የጠገነ ሰው እጁን የሚያስገባበት አጣ።

ማንአህሎት ወደ ባካሪ ዞራ «አባባ፣ መፋቂያ የሚሆን ስለት ይኖርዎታል?» አለች። ሽማግሌው ሁለት ያረጀ ገጀራ አመጣ። አንዱን እሷ ያዘች፣ አንዱን ለባሏ ሰጠችው። ፋቁ። ፀሐይ አናታቸው ላይ ነው፤ ዛጎሉ እየተሰበረ ይረግፋል፤ እጃቸው ይደማል፤ የጨው ውኃ ቁስሉ ውስጥ ይገባል። ባካሪ ጥላ ሥር ተቀምጦ መረቡን ይሰፋል፤ አንዳንዴ «እዚያ ጋ ቀርቷል» ይላል።

ከሰዓት በኋላ ባሕሩ ተመለሰ። ሲመለስ አይሰማም። መጀመሪያ አሸዋው ላይ ብልጭ ብልጭ የሚል ቀጭን መስመር ነው፤ ከዚያ ቁርጭምጭሚት ይነካል፣ ከዚያ ጉልበት። ሁለቱም ጀልባዋን ተደግፈው ቆሙ። ደምሰው የጀልባዋን ጠርዝ አጥብቆ ይዟል፤ ግን ወደ ላይ አልወጣም። ውኃው ወገቡ ሲደርስ እጁን ዘረጋ፤ ማንአህሎት ያዘችለት። ጀልባዋ ተነፈሰች፤ ቀና አለች፤ ተንሳፈፈች። ማን ገፋት? ማንም አልገፋትም።

መሄድ ይችሉ ነበር። ቀኑ ጠቧል፤ ልጅቱ ቀኗ ደርሷል። ባካሪ ግን «አንዱ ጎን ብቻ ነው የጸዳው» አላቸው። «ነገ በሌላው ጎኗ እናስተኛት።» ደምሰው ወደ ሚስቱ ዞረ። በዚያ ጉዞ ሲጠይቃት የመጀመሪያው ነበር። «ምን ይሻላል?» አላት። «እንቆይ» አለች። ቆዩ። ሌላውን ጎን ፋቁ።

ሲነሡ ደምሰው «ፓንጋኒ ተመልሼ መኪናሽን ላምጣ» አለ።

«ነፋሱን ገፍተህ? ሴትዮዋን ምን ልትላት? እልል ብላ ነው የተቀበለችው፤ ተዋት። ልጄ ዘንድ አድርሰኝ።»

«ይቅር በይኝ።»

«ዛሬ ደክሞኛል፣ ደምሴ። ሌላ ቀን ጠይቀኝ።»

ሌላ ቀን ጠየቃት። በሌላውም ቀን። ጀልባዋ አሁን ውኃውን እንደ መቀስ ትቆርጠዋለች፤ የዳርቻው መንደሮች ስማቸው ሳይያዝ ያልፋሉ፤ ማንአህሎት መሪውን ይዛ፣ ነጠላዋ በነፋስ እየተርገበገበ፣ ዓይኗን ጨፈን አድርጋ ትነዳለች። እሱ ይጠይቃታል። እሷ ትሰማዋለች። ገና ነው።

ምትዋራ ሲደርሱ አዜብ ከወለደች አራት ቀኗ ነበር።

አልጋዋ ላይ እንዳለች እናቷን አይታ አለቀሰች። «እማዬ፣ ምነው? ምን አቆያችሁ? ደጅ ደጁን እያየሁ ነው የወለድኩት።»

ማንአህሎት አፏን ከፈተች። ምን ልትል ነበር መሰላችሁ? «ነፋሱ ነው፣ ልጄ» ልትል ነው። ያ ሁሉ ሆኖ አሁንም ልትሸፍንለት ነው! ደምሰው ግን በሩ ላይ እንደ ቆመ ቀደማት።

«ነፋሱ አይደለም። የእናትሽ ዕቃም አይደለም። እኔ ነኝ ያቆየኋት።»

ማንአህሎት ሕፃኗን ከአዜብ ጎን አነሣች፤ አንገቷን አሸተተች፤ ሳመቻት። ገና ሳትጠግባት፣ ሄዳ ባሏ እጅ ላይ አስቀመጠችለት። ለጥያቄው የሰጠችው መልስ ይኸው ነበር።

ወገኖቼ፣ እንግዲህ ወደ እኛ እንምጣ።

ቤታችሁ አልሄድ ብሏችኋል? ነፋሱ አለ፣ ሸራው አለ፣ ጸሎቱ አለ፣ ግን አልሄድ ብሏችኋል? ታዲያ ማንን ነው የወቀሳችሁ? አንተ፣ ሚስትህን ከእናቷ ጋር አትነጋገሪ ያልካት፤ ቤቱ ቀለለ? አንቺ፣ ልጅሽን ከጓደኞቹ ሁሉ የለየሽው፤ ልጁ ቀረበሽ? እኛ የቤተ ክርስቲያን ሰዎችስ? «ሕዝቡን ያቀዘቀዘው ዘመኑ ነው፣ ወጣቱ ነው» እያልን ስንቱን አወረድን? እኔም አለሁበት። ሰው እያወረድን፣ የራሳችንን ሥር ግን አላየንም። ለምን? ስለምንፈራ። ስለፈራንም ስለምናፍር።

አንዳንዴ እግዚአብሔር ውኃውን ያሸሸዋል። ሥራ ይጠፋል፤ ሕመም ይመጣል፤ ሰው ይለያል። እኛ «አለቀልን» ብለን ራሳችንን ይዘን እንቀመጣለን። የጨረሰን መስሎን ነው። ኧረ አይደለም! አስተኝቶ ሊያሳየን ነው። ይህን ስላችሁ መከራውን አቅልዬ አይደለም፤ ደምሰው ለልጁ ምጥ አልደረሰም፤ ያ ቀን አይመለስም። ግን እውነቱን በበሩ ላይ ቆሞ ስለተናገረ ሕፃኗን ያቀፋት የሸሸ ሰው ሆኖ አይደለም።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ለአንድ ሰው ብቻ ይህን ጥያቄ ጠይቁ፦ «በእኔ ምክንያት ምን አጣህ? በእኔ ምክንያት ምን ተውሽ?» ሲነግሯችሁ አትመልሱ። «እኔም እኮ» አትበሉ። ዝም ብላችሁ እስከ መጨረሻው ስሙ።

ያቃታችሁ እንደሆነ፣ መስማቱ ራሱ ወገባችሁ ድረስ ውኃ ውስጥ መግባት ነውና፣ እጃችሁን ዘርጉ። የሚይዛችሁ አለ።