ቢጫው ሻርፕ

አንድ ሰዓሊ ነበር፣ ወገኖቼ። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ «እኛን አይመለከትም» ብላችሁ እንዳትገላገሉ ነው።

በሥዕል የሚተረክ መጽሐፍ ይሠራል፤ ልጆቻችሁ ኮሚክ የሚሉትን። በሰፈሩ ሰናይት የምትባል ልጅ «አላገባህም» ባለችው ሰው እጅ ተገደለች። ሰዓሊው ለቅሶ ሄደ። እናቷ እትዬ ዘርፌ፣ እንደ ወጋችን፣ የሟችን ልብስ ይዘው ያለቅሳሉ። ቢጫ ሻርፕ ነው፤ የሞተች ዕለት አንገቷ ላይ የነበረ። ከፍ ያደርጉታል፣ ይስሙታል፣ ደረታቸውን ይመታሉ። ያን ያየ ሰው እንዴት ይረሳል?

ሐዘኑ ከረም ሲል ተመልሶ ሄደና ታሪኳን ልሥራው ወይ ብሎ ጠየቃቸው። 

«ልጄ፣ ሲዝትባት ‹ይተወዋል› ብለን ንቀን ነው እኮ ያስበላናት» አሉት። «ሌላ እናት እንዳትንቅ ከሆነ ሥራው። ብቻ ልጄን መጫወቻ እንዳታደርግብኝ።»

«እናቴ ትሙት!» ብሎ ማለ።

ሠራውም። እንዴት ያለ ሥራ! ግድያውን እንኳ አልሣለም፤ በር ሲዘጋ ብቻ ነው የሣለው።

አሳታሚው ግን ሌላ ነገር ታየው። «መጽሐፉ ጥሩ ነው፤ ግን ማን ዞር ብሎ ያየዋል? ሥዕሉ ላይ ያለውን ሻርፕ አስመስለን እናሠራና ከመጽሐፉ ጋር እንስጥ። ፖስተሩ ላይ ‹የሞተችበትን ሻርፕ በነጻ ይውሰዱ!› እንበል።»

 ሰዓሊው ሊቃወም አፉን ከፈተ። ግን አሳታሚ ለማግኘት ስንት ደጅ ጠንቷል! «እንግዲህ... እናንተ ታውቁ የለ» አለ።

በቃ፣ ይኸው ነው። «እምቢ» ማለት ከዚህ ያጥር ነበር።

በምርቃቱ ቀን እትዬ ዘርፌ በክብር ተጠሩ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው መጡ። በሩ ላይ ሲደርሱ አዳራሹ በቢጫ ሻርፕ ተሞልቷል። ልጃገረዶች አንገታቸው ላይ ጠምጥመው እየተሳሳቁ ፎቶ ይነሣሉ። አንዷማ ዓይኗን ጨፍና፣ አንገቷን አዘንብላ፣ ሬሳ መስላ ፎቶ ትነሣለች።

ሰዓሊው እየሮጠ መጣ። «እትዬ፣ እኔ እኮ...»

እሳቸው አልጮኹም። ከቦርሳቸው የልጃቸውን ሻርፕ አወጡ።

«እንካ፣ ይህንንም ስጥልኝ። ከእንግዲህ ይዤው ባለቅስ ማን ያምነኛል? ‹ከመጽሐፍ ጋር የሚሰጠው ነው› ይሉኛል።»

በማግስቱ ሻርፑን ይዞ ቤታቸው ሄደ። በሩ አልተከፈተለትም። እስከ ዛሬ አልተከፈተለትም። መጽሐፉ ግን ተቸበቸበ።

እናንተስ?

«ሐሳባችን ደግ ነበር» ትሉኛላችሁ። የእሱስ ሐሳብ መቼ ክፉ ነበር? የታመመች እኅታችንን እንርዳ ብለን በዚህ በቤተ ክርስቲያናችን በር ላይ ፎቶዋን ስንሰቅል፣ የምታለቅስበትን መርጠን አይደል የሰቀልነው? «ይኼኛው አንጀት ይበላል» ያለው ማን ነበር? ዝም ያልነውስ? ትናንት በስልካችሁ የሰው ሬሳ አይታችሁ፣ «ጉድ ነው!» እያላችሁ ለስንቱ ላካችሁ? እናቱን ጠየቃችሁ?

ማጽናኛ ቃል ይዤ ብመጣ በወደድኩ። የለኝም። ሻርፑ ሁሉ ተሰብስቦ ቢቃጠል፣ ለእትዬ ዘርፌ ያ የልጃቸው ሻርፕ እንደ ድሮው አይሆንላቸውም።

አሜን ለማለት አትቸኩሉ። ቤታችሁ ስትገቡ አንገታችሁን ዳስሱ፤ የማንን ሐዘን ጠምጥማችሁ እንደዋላችሁ እዩ።