የፈረስ ገሪው ግራ እግር

ፈረስ የሚገራ አንድ ሰው ነበረ። ቆይ ደምለው፣ ጥያቄህን አልዘለልኩትም፤ ወደዚያው ነው የምሄደው። «ልጄ ጨዋ ነው፣ አይጠጣም፣ እጁን በሴት ላይ አያነሳም፤ ታዲያ ሁለት ሚስቶች ምን ጎደላቸውና ጥለውት ሄዱ፣ የምትስማማውንስ ከየት ላግኝለት?» አልከኝ። ሦስተኛዋን ደግሞ እኔ ሽማግሌ ሆኜ ሄጄ እንድጠይቅልህ ትፈልጋለህ። እሺ። ጋቢህን ደርብና ተቀመጥ። እስክጨርስም ዝም በል፤ ዝምታ እንደሆነ ታውቅበታለህ።

ሰውየው ፈረስ ይገራ ነበር። እንደው በዋዛ የሚነሳ ሰው አይደለም። ባዝራ የሚመርጠው አያት ቅድመ አያቷን አጠያይቆ ነው፤ እናቷ ደንባራ ከነበረች መልኳ የቱንም ያህል ቢያምር ደጁን አታልፍም። ውርንጭላው ሲወለድ የመጀመሪያዋን ጨው በመዳፉ የሚያስልሰው እሱ ነው። ሲጎረምስ ኮርቻ የሚያስለምደው እሱ፣ ልጓም የሚያስነክሰው እሱ፣ ሶምሶማውንም ሽምጥ ግልቢያውንም የሚያስተምረው እሱ። ፈረሱን ለባለቤቱ እስኪያስረክብ ድረስ ከእሱ በቀር ማንም አይቀመጥበትም። ይህቺ ሕጉ ነበረች፤ ይኮራባትም ነበር። እጅ የበዛበት ፈረስ አመሉ ይበላሻል ይላል።

ፈረሱ ከደረሰ በኋላ ለማን እንደሚሰጥ የሚወስነውም ራሱ ነው። ፈላጊ ሲመጣ ፈረሱን ቶሎ አያሳየውም፤ መጀመሪያ ሰውየውን ያያል። ሲራመድ ያየዋል፣ በቅሎውን ሲያስር ያየዋል፣ ምሳ ያቀርብለትና ሲቆርስ እጁን ያየዋል። አንድ ባለጸጋ ሁለት ጥማድ በሬ አስነድቶ መጥቶ ነበር። ከበቅሎው ሲወርድ አፏን በልጓም መነጨቃት። ገሪው ጠላውን አጠጥቶ፣ መርቆ፣ ከነበሬዎቹ ሸኘው። ባለጸጋው እስኪሞት ድረስ በዚያ ነገር ሲንገበገብ ኖረ። አገሬው ግን፣ እሱ አየህ ፈረስና ሰው ሲያጋባ አይሳሳትም ይል ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ልንገርህ። ይህ ሰው በጎልማሳነቱ ከፈረስ ወድቆ ግራ እግሩ ተሰብሮ ነበር። ወጌሻው አልቀናውም፤ እግሩ አጥሮ ጉልበቱ ደርቆ ቀረ። አገሩ ሁሉ ያውቃል፣ የሚያነሳው ግን የለም፤ እሱም አያስነሳም። አብሮት መንገድ የሚሄድ ሰው ሁሉ ሳያስበው እርምጃውን ያሳጥራል። ዳገት ላይ ሲደርሱ አንዱ ጫማው የጠበበው ይመስል ቆም ይላል፣ ሌላው ዘወር ብሎ ዝናቡ ደረሰ አልደረሰ እያለ ሰማይ ያያል። ያው እሱ እስኪደርስ ነው። እንዲህ እያሉ ሠላሳ ዓመት አከበሩት። ሰውየውም ቀስ በቀስ እግሩን ረሳው።

ታዲያ እሱ ከገራቸው ፈረሶች ላይ ሰው ይወድቅ ነበር። አንድ ረጋ ያለ ገበሬ ነበር፣ እጁ ለከብት የለሰለሰ። ገሪው ራሱ መርጦ ግራጫ ፈረስ ሰጠው። በሦስተኛው ቀን ፈረሱ አሽቀንጥሮ ጥሎ ሁለት ጥርሱን አረገፈው። ገሪው ሰምቶ መጣ፤ ግራጫው ላይ ወጣና በሰው ፊት ሜዳውን ሁለት ጊዜ ዞረበት። ፈረሱ ውሃ ነው። ከዚያ ወረደና፣ ፈረሱ ምንም አላጠፋም፣ የሰውየው ወገብ ልል ነው አለ። ገበሬው ቤቱ ገባ። ኮርቻውን ሸጠ፤ ከዚያ ወዲያ በዓል በመጣ ቁጥር ሰው ወደ ጉግሱ ሲወርድ እሱ ማሳው ላይ ይውላል።

ከእሱ በኋላ የወደቀውን ፈሪ አለው። ቀጥሎ የወደቀውን ችኩል አለው። ሁልጊዜም ፈረሱ ላይ ራሱ ወጥቶ ያሳያል፣ ፈረሱም ሁልጊዜ ውሃ ነው። ማስረጃው በዓይን እየታየ ማን ይከራከራል? እሱም ማታ ማታ፣ የዛሬ ሰው ፈረስ መቀመጥ ተወ እያለ ከልቡ ያዝን ነበር።

አንዲት ልጅ ነበረችው፤ ከበረቱ አጥር ላይ ተቀምጣ አባቷ ሲገራ እያየች ያደገች። ዳራት። አማቹ ጎበዝ ፈረሰኛ ነው፤ ገሪውም ከልጁ እኩል ይወደዋል። ለሠርጋቸው የሚሰጠው አጥቶ አይደለም፣ ግን አንድ ዳማ ፈረስ ነበረው፤ አምስት ዓመት ለፍቶበታል፣ በዕድሜው እንዲህ ያለ አልገራም። ለዚህ ፈረስ የሚሆን ሰው አገኘሁ ብሎ ልጓሙን በአማቹ እጅ አስጨበጠው። እንግዲህ በዚያ ፈረስ ላይ የልጁን ትዳር ነው ያስቀመጠው።

ሠርጉ በሆነ በአራተኛው ወር ኅዳር መርቆሬዎስ ደረሰ፤ ሜዳው በሰው ሞላ። ጉግስ ያው ታውቀዋለህ፤ አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ከኋላ እያሳደደ ዘንግ ይወረውራል። አማችየው በዳማው ላይ የሸሺነቱን ተራ ይዞ ወጣ። እስከ መሀል ሜዳ ድረስ ዓይን የሚያጠግብ ነገር ነበር። ዘንጉ ሊወረወር ሲል ጎንበስ አለና ፈረሱን ለማፍጠን በሁለት ተረከዙ ጎኑን ጠበቅ አደረገው። ዳማው በአንድ ጊዜ ወደ ቀኝ ተስፈነጠረ። አማችየው በግራ በኩል ወደቀ፤ እግሩ ከእርካቡ አልወጣ ብሎ ፈረሱ እየጋለበ ሜዳውን እኩሌታ ጎተተው።

እልልታው ቀጥ አለ። ፈረሱን ሰዎች ተረባርበው ሲያስቆሙት የልጁ ግራ ጭን ከሁለት ቦታ ተሰብሮ አጥንቱ ወጥቶ ይታይ ነበር። ሚስቱ ሮጣ ደርሳ ራሱን ጭኗ ላይ አድርጋ የፊቱን አፈር ትጠርጋለች፤ በሕይወት ይኑር አይኑር አላወቀችም። ገሪው እያነከሰ ደረሰ። አመዱ ቡን ብሏል። ይወደዋል አልኩህ እኮ። ግን አፉን ሲከፍት የወጣው ቃል የለመደው ቃል ሆነ።

«እግሩን አላጠበቀም» አለ።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችው። ወዲያው ወጌሻ መጣ፣ ልጁም አቃሰተ፤ ነፍሱ እንዳለች ታወቀ። ልጅቱ የባሏን ራስ ለአክስቷ አስረክባ ተነሳች። ቀሚሷን በመቀነቷ ሰበሰበች፣ ወደ ዳማው ሄደች፣ ከያዙት ሰዎች እጅ ልጓሙን ወስዳ ዘላ ተቀመጠች። አባትየው ሊያስቆማት እያነከሰ ሄደ፤ አልደረሰባትም። ያቺ ያለችው አንዲት ልጁ ናት፤ ፈረሱ ደግሞ አሁን ሰው ለመግደል ጥቂት የቀረው ነው።

እሷ ግራ እግሯን ከእርካቡ አወጣች። እንደ ደረቀ እንጨት ቀጥ አድርጋ አንጠለጠለችው። ወደ ቀኝ ዘንበል አለች፣ ቀኝ ትከሻዋን ዝቅ አደረገች፣ በቀኝ ተረከዟ ብቻ ነካችው። ዳማው ተነሳ። ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር ሽምጥ ጋለበችው፣ መለሰችው፣ አዞረችው። ፈረሱ ውሃ ነው።

ገሪው ዓይኑን ተከለባት። የልጁን ፊት አላየም፤ ያየው ራሱን ነው። ሠላሳ ዓመት ሲጋልብ ራሱን ከውጭ አይቶ አያውቅም። ያ የተንጠለጠለ እግር፣ ያ የተጣመመ ወገብ የእሱ ነው፤ እንደዚያ መሆኑን የት ያውቃል! እሱ እኮ ቀጥ ብሎ የተቀመጠ ነበር የሚመስለው። ግራ እግሩ ፈረሱን የሚነካው ሚዛኑን ሲስት ብቻ ነበር፤ ሲስት ደግሞ እንዳይወድቅ ልጓሙን በኃይል ይመነጭቀዋል። ዳማው በአምስት ዓመት የተማረው ይህንን ነው፤ ቀኝ ጎኔ ሲነካ እሄዳለሁ፣ ግራ ጎኔ ሲነካ አፌ ሊቆረጥ ነው። ሁለት ደህና እግር ያለው ሰው በወጣበት ቁጥር በፍርሃት ይስፈነጠራል።

ልጅቱ መጥታ ፊቱ ቆመች።

«አባዬ፣ ይሄ ፈረስ የተገራው ለአንድ ሰው ነው» አለችው። «እግሩን ያላጠበቀው አንተ ነህ።»

ገሪው ዞር ብሎ ሰዉን አየ። እንደ እሱ የደነገጠ ሰው ፈለገ፤ አላገኘም። ሰው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ይኼን ጊዜ ነው ቀልቡ የተገፈፈው። ሁሉም ያውቅ ነበር። በረቱ ፊት ለፊት የሚኖሩት፣ አብረውት የሚጾሙት፣ ጥርሳቸው የረገፈው ሳይቀሩ ያውቁ ነበር።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ገሪው ከዚያ ጥርሱ ከረገፈው ገበሬ ማሳ ላይ ተገኘ። አውቀህ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀው። ገበሬው ሞፈሩን እንደያዘ፣ ከወደቅሁበት ቀን ጀምሮ አውቄአለሁ አለው። ለምን አልነገርከኝም ሲለው፣ «እርስዎን? እግርዎን ልጥራልዎ?» አለ። በእውነት የሚሰማ አልመሰለውም፤ ደግሞም ልክ ነበር። ገሪው ጎንበስ ብሎ የገበሬውን ጉልበት ያዘ። ሰውየው ማረው፤ ማሳው ላይ የዋለበትን ያን ሁሉ በዓል ግን ማን ይመልስለታል?

ነገሩ እዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። አላበቃም። አማችየው ስድስት ወር ተኝቶ ተነሳ። ጭኑ ገጠመ፤ ግን አጥሮ ገጠመ፣ ጉልበቱም አልታጠፍ አለ። ግራ እግሩ ነው፣ አስታውስ። በዓመቱ መርቆሬዎስ ሲመጣ እልኸኛ ነውና ዳማውን ጫኑልኝ አለ። ገሪው እግሩ ላይ ወድቆ ለመነው፤ አልሰማውም። ወጣና ቀኙን ነካ አደረገው። ያ ፈረስ ይዞት ሄደ ብትል! አንድም ቦታ አልደነገጠበት፣ አንድም ጊዜ አልሳተበት። ሰው በእልልታ አበደ። አሁን ገና ተስማሙ፣ አንድ አካል ሆኑ እያለ ይጨፍራል። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል አንድ ገሪው ብቻ ፊቱን ወደ ዛፍ አዙሮ እንደ ሕፃን ያለቅስ ነበር። ፈረሱ ለልኩ የሚሆን ሰው አግኝቶ እንዳልሆነ የገባው እሱ ነዋ። ሰውየውን ሰብሮ ለልኩ አደረገው።

አሁን ደምለው፣ አንተን ነው የማየው። ወዴት ነው የምታየው?

ልጅህን የገራኸው አንተ ነህ። ጥሩ አድርገህ ገራኸው፤ አይሰርቅም፣ አይዋሽም፣ ታላቅ ያከብራል። አንተ ቤት ግን ስንት ጊዜ ቀርቤ በላሁ? ባለቤትህ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጣ፣ ልጅህን «ለእናትህ ንገራት፣ ውሃ ታምጣ» ስትለው በዚህ ጆሮዬ ሰምቻለሁ። ሁለት ወር አኩርፈሃት ነበር። ምን እንዳጠፋች እሷም አታውቀውም። ልጁ ያኔ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ በሁለታችሁ መሀል ቃል እያመላለሰ አደገ። እኔስ ምን አደረግሁ? ውሃውን ጠጣሁ፣ ቤታችሁን ባረክሁ፣ ወጣሁ። እርምጃዬን አሳጠርኩልህ። በዚህ እግዜር ይጠይቀኛል።

የመጀመሪያ ሚስቱ ፍቺ ስትጠይቅ ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ እኔ ነበርኩ። አልመታኝም፣ አልሰደበኝም፣ ሦስት ወር ስሜን አልጠራም አለች። አንተ ለፍላፊ ናት አልክ። ሁለተኛዋም መጥታ ያንኑ ቃል በቃል ደገመችው። ሁለቱ እኮ አይተዋወቁም! አንተ ግን እሷን ደግሞ ኩሩ አልካት።

የምትስማማው ከየት ትገኛለች ብለህ ነው የጠየቅኸኝ። ትገኛለች። ሦስተኛዋ ትስማማው ይሆናል፤ ያስፈራኝም እሱ ነው። ባለቤትህን በሠርጋችሁ ዕለት አስታውሳታለሁ፤ ሳቋ ከዳሱ ውጭ ይሰማ ነበር፣ አማትህ ሙሽራ እንዲህ አይስቅም ብለው ተቆጥተዋት እንኳን አላቆመችም። ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ፣ ደምለውና ሚስቱ ድምፃቸው ሳይሰማ እንዴት ተስማምተው ይኖራሉ ይላችኋል።

ሽማግሌ ሆኜ አልሄድልህም። ተነስና ቤትህ ግባ። ውሃ ሲጠማህ በሰው አትላክባት፤ በስሟ ጥራት። ስሟን ካፍህ ስትሰማ እንዴት እንደምትደነግጥ፣ ዓይንህን ሳትሰብር እያት።