ጌታ ሰው የሆነው ነፋስ

አንቺ ቁንጥንጥ፣ አርፈሽ ተቀመጪና ስሚ!

በድሮ ዘመን፣ ባሕር ውስጥም ሹመት በነበረበት ጊዜ፣ ሦስት ጉዶች ነበሩ። አንዱ የባሕሩ ንጉሥ ዓሣ ነባሪ፤ እንቅልፋም ነው። አንዱ ነፋስ፤ ቅብጥብጥ ነው። ሦስተኛው ሸርጣን፤ እሱ ደግሞ ሹመት ሲያይ ምራቁ የሚዝረበረብ አጎብዳጅ ነው።

ነፋስ ሲለው ሽው ይላል፣ ሲለው ዝም ይላል፣ ሲለው ማዕበል ያስነሣል። ንጉሡ ባንኮራፋ ቁጥር አፉን ውሃ ይሞላዋል።

"ይህን እብድ ዝም ያሰኘልኝን እሾመዋለሁ!" አለ ንጉሡ።

ሸርጣን ወደ ነፋስ ሄደ። "ጌታዬ፣ እርስዎን የሚያህል ትልቅ ሰው እንደ ተላላኪ ይሯሯጣል? ጌታ ሰው ይቀመጣል እንጂ!"

ነፋስ እውነት መሰለው። ተራራ ላይ ተኮፍሶ ተቀመጠ። ሸርጣንም ደጃዝማች ተባለ።

በመጀመሪያው ቀን ባሕሩ ረጋ፤ ንጉሡ አንኮራፋ። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ የላዩን ውሃ አሞቀችው፤ ንጉሡ ተቁነጠነጠ። በሦስተኛው ቀን የላዩ ውሃ ሾርባ ሆነ። ቀዝቃዛው ውሃ ከታች ሞልቷል፤ ግን ማን ያማስለው? ማማሰያው ጌታ ሆኗል!

ትንንሾቹ ዓሦች ወደ ጥልቁ ወረዱ። ዓሣ ነባሪ ግን የሚተነፍሰው ላይ ወጥቶ ነው። ትንሹ ልጁ እዚያው ሙቀቱ ውስጥ ተዝለፈለፈ። ያን የሚያህል ንጉሥ እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እኔም ሳወራው ሆዴ ይባባል።

"ነፋስን ጥሩልኝ! ልጄ ሊሞትብኝ ነው!"

ነፋስ ግን፣ "ጌታ ሰው ስለጠሩት አይመጣም። ሽማግሌ ይላክ" አለ።

ማን ይላክ? ያስቀመጠው ያስነሣው! ደጃዝማች ሸርጣን የይቅርታ ድንጋይ ተሸክሞ ተራራውን ወጣ። ወደ ቀኝ ተንገዳገደ፣ ወደ ግራ ተንገዳገደ፣ በመጨረሻ በጎኑ ሄደ።

ነፋስ ይህን ሲያይ ጌትነቱን ረሳ። ሳቁ አመለጠው! ሳቁ ወርዶ ባሕሩን መታ፤ ላዩ ተናወጠ፣ ታቹ ተገለበጠ፣ ቀዝቃዛው ውሃ ወጣ። ልጁም "እፎይ!" አለ። ነፋስ የሳቀው ለአፍታ ነው፤ ወዲያው ረሳው። ባሕሩ ግን የዚያችን አፍታ ቅዝቃዜ ይዞ ብዙ ቀን ሰነበተ።

ንጉሡም ሸርጣንን፣ "ድንጋዩን እንዳትጥል!" ብሎ ፈረደበት። ይኸው እስከ ዛሬ ድንጋይ ሥር ይኖራል፣ በጎኑ ይሄዳል። ንጉሡም እንቅልፉን ማዕበል ሲያቋርጥበት በአናቱ ውሃ ተፍቶ "ተመስገን" ይላል።

እና ልጆቼ፣ የሚበጠብጣችሁን ሁሉ አታስቀምጡ፤ እሱ ሲቀመጥ እናንተ ትቀቀላላችሁ።

ተረቴን መልሱ፤ ዳቦው ይቅርብኝ። አንቺ ቁንጥንጥ፣ ተነሺና መስኮቱን ክፈቺልኝ፤ ሞቆኛል።