ናፍጣ የሸተተው ጭቃ

አርባ ሰባት ጀልባ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን። የሐጂ ሐመዱ ንዴት ከዚህ ሒሳብ ይጀምራል። በቀይ ባሕር ዳር ያለችው የዓሣ አጥማጆች መንደር ይህን ያህል ጊዜ ዓሣ አጥታ ከረመች፤ "ከባሕሩ ሥር ያለው ጭቃ ዘይት አለበት" ተብሎ ጀልባዎቹ ሁሉ ታስረዋል። ሐጂ የፈለጉት አንድ ነገር ነው፤ መረባቸውን ውኃ ውስጥ መጣል።

"ውረድ!" አሉት መረቡን።

"ያለ ጀልባ አልወርድም" አለ መረቡ።

ጀልባውን "ሂድ!" አሉት።

"ጀልባዎቹን የሚጠብቀው ዘበኛ ካልፈታኝ አልሄድም፤ እኔ ካልሄድኩ መረቡ አይወርድም።"

ዘበኛውን "ፍታው!" አሉት።

"ምን ላድርግዎት ሐጂ? ጭቃው ንጹሕ ነው የሚል ወረቀት ካልመጣ አልፈታም፤ ካልፈታሁ ጀልባው አይሄድም፤ ጀልባው ካልሄደ መረቡ አይወርድም።"

የላቦራቶሪዋን ባለሙያ ፈርዶስን "ጻፊ!" አሏት።

"መመርመሪያ መሣሪያው ጭቃው ንጹሕ ነው ካላለ አልጽፍም፤ ካልጻፍኩ ዘበኛው አይፈታም፤ ካልፈታ ጀልባው አይሄድም፤ ካልሄደ መረቡ አይወርድም።"

መሣሪያውን "ተናገር!" አሉት።

"የሰጣችሁኝ ጭቃ ዘይት አለበት፤ ሌላ ጭቃ ካልመጣ ሌላ አልናገርም፤ ካልተናገርኩ ፈርዶስ አትጽፍም፤ ካልጻፈች ዘበኛው አይፈታም፤ ካልፈታ ጀልባው አይሄድም፤ ካልሄደ መረቡ አይወርድም።"

ጭቃውን "ውጣ!" ብለው ወደ ባሕሩ ጮኹ።

"ባለፈው ናፍጣ በነበረበት ጀሪካን ነው የቀዳችሁኝ! የታጠበ ጠርሙስ ካልመጣ አልወጣም፤ ካልወጣሁ መሣሪያው አይናገርም፤ ካልተናገረ ፈርዶስ አትጽፍም፤ ካልጻፈች ዘበኛው አይፈታም፤ ካልፈታ ጀልባው አይሄድም፤ ካልሄደ መረቡ አይወርድም።"

የሐጂ ደም ፈላ። "በጀሪካን?!"

ፈርዶስ አንገቷን ደፋች። "ጠርሙስ አልቆብን ነው ሐጂ።"

"እና አርባ ሰባት ጀልባ ለጠርሙስ ሲባል ታሰረ?"

በጨው የተዘፈዘፈ ሎሚ የምትሸጠው መዲና ከደጇ ሰማች። "አንተ ሐመዱ! ባሕርን ከምትቆጣ እኔን አትጠይቅም?" አለችና አምስት የሎሚ ጠርሙስ ገልብጣ ሰጠቻቸው።

ፈርዶስ ጠርሙሶቹን ደጋግማ አጠበች፤ በመሥሪያ ቤቷ ጀልባ ከአምስት ቦታ ቀዳች። ጠርሙሱ ጭቃውን አወጣ፤ ጭቃው መሣሪያውን አናገረ፤ መሣሪያው ፈርዶስን አጻፈ፤ ወረቀቱ ዘበኛውን አዘዘ፤ ዘበኛው ጀልባውን ፈታ፤ ጀልባው ሄደ፤ መረቡ ወረደ!

ከአንድ ቦታ በቀር። ከአንድ የነዳጅ መርከብ ማራገፊያ ሥር የተቀዳው አምስተኛው ጭቃ፣ በንጹሕ ጠርሙስም ዘይት ያለበት ሆኖ ተገኘ።

ሐጂ ሒሳቡን ዘጉ። ትርፍ፣ አራት ቦታ። ኪሳራ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀንና አንድ ቦታ። ቀኖቹን የበላው ጀሪካኑ ነው፤ ቦታውን ግን መርከቡ።