ጋሽ ሄንድሪክ እና የድምፁ ቁልፍ

አንድ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ፣ የደብረ ማርቆሱ መምህር ልየው ኮቱን ግጥም አድርጎ ለብሶ ላፕቶፑ ፊት ተሰይሟል። ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ነፃ የትምህርት ዕድል ሰጥቶት ሁለተኛ ዲግሪውን በኦንላይን ይማራል። የክፍል ጓደኞቹ አንዷ ናይሮቢ፣ አንዱ ማኒላ፣ ሌላው ሊማ ናቸው። የሚማሩት ትምህርት፣ አያድርስ ነው፣ «አሳታፊ የማስተማር ዘዴ» ይባላል።

አስተማሪው ፕሮፌሰር ሄንድሪክ ገና በመጀመሪያው ቀን፣ «በእኔ ክፍል አለቃና ምንዝር የለም። ሁላችንም እኩል ነን። ፕሮፌሰር ምናምን አትበሉኝ፤ ሄንድሪክ በቃ» አሉ። ተማሪው ሁሉ ደስ አለው። ሰውየው ይህን ተናግረው አፋቸውን ሳይገጥሙ የሁሉንም ድምፅ የሚዘጋውን ቁልፍ ተጫኑና ማስተማር ጀመሩ። ቁልፉ ያለው እሳቸው ዘንድ ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የናይሮቢዋ ዋምቡይ «እኛ አገር እንኳ ይህ ነገር...» ማለት ስትጀምር ድምፅዋ ድርግም ይላል፤ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ይታያል።

ልየው ደግሞ የራሱ ጣጣ አለበት። አስተማሪ ሲገባ ተነስቶ መቀበል ስላደገበት፣ ፕሮፌሰሩ በስክሪኑ ብቅ ሲሉ ከወንበሩ ብድግ ይላል። እሳቸው የሚያዩት ታዲያ ቀበቶውን ነው። ከዚህ የባሰው ግን የስሙ ነገር ነው። ሽበታም ሰው በባዶ ስሙ መጥራት አፉ እሺ አላለውም፤ ስለዚህ ዕድል ባገኘ ቁጥር «ጋሽ ሄንድሪክ» ይላል። ፕሮፌሰሩ «ጋሽ ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁና፣ ለታላቅ የሚሰጥ ክብር መሆኑን ሲሰሙ የተሰደቡ ያህል ከፋቸው።

በዚያ ማክሰኞ የተሳትፎ ማርክ ይነገር ነበር።

«ልየው፣» አሉ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ፣ «ለአንተ ዜሮ ልሰጥህ ነው። አንድም ቀን ሐሳብህን አሟልተህ ስትናገር አልሰማሁም። እስካሁንም ጋሽ ትለኛለህ። እኩልነት የሚባለው ነገር አልገባህም ማለት ነው።»

ዜሮ ማለት መውደቅ፣ መውደቅ ማለት ደግሞ ነፃ ዕድሉን መነጠቅ ነው። ልየው ሊመልስ ሞከረ፤ ድምፁ ዝግ ነው። አፉን በጣቱ ቢያሳያቸው ጊዜ ከፈቱለት።

«ጋሽ ሄንድሪክ...»

«ይኸው፣ አሁንም ጋሽ። በስሜ ብትጠራኝ ምን ትሆናለህ?»

«እጠራዎታለሁ» አለ ልየው ረጋ ብሎ። «እርስዎ ብቻ ያንን ቁልፍ ለአንድ ክፍለ ጊዜ ያውሱኝ። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ እርስዎ ራስዎ ጋሽ ልየው ካላሉኝ፣ እስከ ዕለተ ሞቴ ሄንድሪክ እልዎታለሁ።»

የፕሮፌሰሩ እጅ የልየውን ድምፅ ሊዘጋ ሳያስቡት ወደ ቁልፉ ሄዶ ነበር፤ ክፍሉ በሙሉ እጃቸውን እያየ መሆኑን ሲረዱ ግን ሳቃቸው አመለጣቸውና፣ የሁሉንም ድምፅ ከፍተው ዜሮውን ሰረዙ።