ውሃ ላክ ያለው ማን ነው?

ተረት ተረት!

የመታጠቢያ ቤት፣ በሉኛ! እዚያ ጥግ «የላም በረት» ያላችሁ፣ የዛሬው ተረት ላም የለበትም። አህያ ግን አለችበት። ትመጣለች፣ አትቸኩሉ።

ደሴ ላይ፣ ከዳገቱ አናት፣ ቀጭን መንገድ ዳር፣ እማማ በለጡ የሚባሉ ባልቴት ነበሩ። ባላቸው አቶ ምንዳ ግንበኛ ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና ቤቱን የሠሩት በገዛ እጃቸው ነው። አሁን እማማ የሚኖሩት ከልጃቸው ከይርጋና ከምራታቸው ከሰብለ ጋር ነው። ይርጋ የአውቶቡስ ሹፌር ስለሆነ ከቤቱ ይልቅ መናኸሪያ ብትፈልጉት ታገኙታላችሁ።

ይሄ ይርጋ አንድ ቀን ተነሥቶ «እናቴ ወገቧ አይታጠፍም፣ እስከ መቼ ነው ሳፋ ላይ የምትጎነበሰው? ቆማ የምትታጠብበት መታጠቢያ ቤት አሠራላታለሁ። ግድግዳው ሴራሚክ፣ ወለሉ እብነ በረድ!» አለ። እማማም «እኔ ሙቅ ውሃ ስለው ይሄ ልጅ በረድ ይገዛልኛል» ብለው ሳቁ። አሮጌው ወለል ተቆፈረ፤ አሮጌው ቧንቧ ተቆረጠ፤ ቤቱ አቧራ በአቧራ ሆነ። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሰብለ ሴት ልጅ ወለደች። እልል!

እልልታው ሳያባራ ነገር መጣ። እማማ እጃቸውን ዘርግተው ወደ ጨቅላዋ ሲሄዱ ሰብለ ደነገጠች። «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አቧራው ሲነካት ታስላለች። ታጥበው ይቀፏት» አለች። እውነቷን ነው። ነጠላቸውን ቢያራግፉት አቧራ፣ ፀጉራቸውን ቢነኩት አቧራ። እማማ በር ላይ ቆመው ልጅቷን ከሩቅ እያዩ እንባቸው መጣ። «የመጀመሪያ የልጅ ልጄን በዓይኔ ብቻ ልሳማት?» አሉ። ከዚያ ወደ ክፍላቸው ገብተው ከመስኮታቸው ስር ቁጭ አሉ። መስኮቱ በነፋስ እንዳይዘጋ አንድ ቢጫ ብረት ተወሽቆበታል። መስኮቱን ልብ በሉልኝ፣ ሌላ ምንም አልላችሁም።

ቁጭ ብለው አልቀሩም። ተነሥተው ወደ ሻወሩ ሄዱ። ሻወሩ ካርቶኑ ውስጥ ተኝቷል።

«ሻወር፣ ሻወር፣ ውሃ አውርድልኝ፤ ታጥቤ ልጄን ልቀፋት» አሉት።

«እብነ በረዱ ሳይነጠፍ ምን ላይ ላወርደው? አልሰቀልም!» አለ።

እማማ ወደ እብነ በረዱ ሄዱ። እብነ በረዱ ቤት ውስጥ ቦታ ጠፍቶለት መንገዱ ላይ ተቆልሏል። «እብነ በረድ፣ እብነ በረድ፣ ተነጠፍልኝ። አንተ ካልተነጠፍክ ሻወሩ አይሰቀልም፤ ሻወሩ ካልተሰቀለ አልታጠብም፤ ካልታጠብኩ ልጄን አላቅፍም» አሉት። እብነ በረዱም «አንጣፊው ካልነካኝ በእግሬ ልገባ ነው እንዴ? እምቢ!» አለ።

አንጣፊው ማስተር አራጋው ይባላል። እጁን አጣጥፎ በር ላይ ተቀምጧል። እማማ «ማስተር፣ ማስተር፣ ሥራልኝ። አንተ ካልሠራህ እብነ በረዱ አይነጠፍም፤ እብነ በረዱ ካልተነጠፈ ሻወሩ አይሰቀልም፤ ሻወሩ ካልተሰቀለ አልታጠብም፤ ካልታጠብኩ ልጄን አላቅፍም» አሉት። ማስተር አራጋው ሙያው ሸጋ ነው፤ ኩራቱ ግን አይጣል! «እማማ፣ የጎደለኝ ነገር አለ። የተዋዋልኩት ከይርጋ ጋር ነው፣ የምነግረውም ለይርጋ ነው» ብሎ ስልኩን አወጣ።

ይርጋ መናኸሪያ ነበር። ረዳቱ ጆሮው ስር «ኮምቦልቻ! ኮምቦልቻ የሞላ!» እያለ ይጮኻል። ማስተሩም ከወዲህ ይጮኻል። ከዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል ይርጋ የሰማው «ውሃ ላክ!» የሚል ነው።

«ውሃ? ምን ችግር አለ፣ እልካለሁ!» ብሎ ዘጋና ለሚስቱ ደወለ። ሰብለም በበሩ ስንጥቅ «እማማ፣ ማስተሩ ውሃ ካልመጣ አልሠራም አሉ» አለች። ሲሚንቶ ያለ ውሃ አይቦካም፤ ማን ይጠረጥራል?

እማማ በምርኩዛቸው ቁልቁል ወርደው ቦኖ ደረሱ። «ውሃ፣ ውሃ፣ ና። አንተ ካልመጣህ ማስተሩ አይሠራም፤ ማስተሩ ካልሠራ እብነ በረዱ አይነጠፍም፤ እብነ በረዱ ካልተነጠፈ ሻወሩ አይሰቀልም፤ ሻወሩ ካልተሰቀለ አልታጠብም፤ ካልታጠብኩ ልጄን አላቅፍም።»

«መውረድ እንጂ መውጣት አላውቅም» አለ ውሃው። «አህያዋ ካልተሸከመችኝ ዳገቱን አልወጣም!»

ይኸው አህያዋ መጣች፤ አልኳችሁ አይደል? የጋሽ ይመር አህያ ናት። ጀሪካን ተጫነባት፣ ዳገቱን ወጣች፣ ከቀጭኑ መንገድ አፍ ስትደርስ ቀጥ! «አህያ፣ አህያ፣ እለፊ። አንቺ ካላለፍሽ ውሃው አይመጣም፤ ውሃው ካልመጣ ማስተሩ አይሠራም፤ ማስተሩ ካልሠራ እብነ በረዱ አይነጠፍም፤ እብነ በረዱ ካልተነጠፈ ሻወሩ አይሰቀልም፤ ሻወሩ ካልተሰቀለ አልታጠብም፤ ካልታጠብኩ ልጄን አላቅፍም» ብለው ለመኗት። አህያዋ ጆሮዋን ጥላ «መንገዱ ተዘግቶ በየት ልለፍ?» አለች።

እማማ ወደ መንገዱ ዞሩ። «መንገድ፣ መንገድ፣ ተከፈት። አንተ ካልተከፈትክ አህያዋ አታልፍም፤ አህያዋ ካላለፈች ውሃው አይመጣም፤ ውሃው ካልመጣ ማስተሩ አይሠራም፤ ማስተሩ ካልሠራ እብነ በረዱ አይነጠፍም...»

«እሱ ነዋ የዘጋኝ!» አለ መንገዱ። «እብነ በረዱ ካልተነሣልኝ አልከፈትም!»

እብነ በረዱም «ማስተሩ ካልነካኝ አልነሣም!» አለ። ማስተሩም ውሃ ካልመጣ አይሠራም፤ ውሃውም አህያዋ ካላለፈች አይመጣም፤ አህያዋም መንገዱ ካልተከፈተ አታልፍም፤ መንገዱም እብነ በረዱ ካልተነሣ...

ቆይ፣ ቆይ። ይሄን ብየዋለሁ አይደል? የት ነበርኩ? እብነ በረዱ ጋ ጀመርኩ፣ ተመልሼ እብነ በረዱ ጋ መጣሁ። ወይ ጉድ! እኔ እንኳ ተቀምጬ የማወራው ዞረብኝ፤ በምርኩዝ የሚዞሩት እማማስ? መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጡና «ይመር፣ እኔ አልገባኝም፤ አንድ የልጅ ልጅ ለማቀፍ ይሄ ሁሉ ለምንድን ነው?» አሉ።

«እኔም ዞሮብኛል፣ እማማ» አለ ጋሽ ይመር። «ያልዞረባት አህያዋ ብቻ ናት።» ቢሆንም አንጀቱ አልቻለም። ጎረቤቱን ጠራ። «ኧረ ኑ! ድር ቢያብር አንበሳ ያስራል፣ ጀሪካን ማሳለፍ ያቅተናል?» አለ። ሰዉ ተሰልፎ ጀሪካኑን ከእጅ ወደ እጅ፣ በእብነ በረዱ አናት ላይ አሳለፈው። በርሜሉ ሞላ፣ ባልዲው ሞላ።

ማስተር አራጋው ብድግ አለ። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ውሃ ነዋ!» አሉ ሁሉም። «አንተ አይደለህም የጠየቅከው?»

ማስተሩ ግራ ገባው። ስልኩን አወጣ። «ይርጋ! ውሃ ልክ! ውሃ ልክ ነው ያልኩህ!»

«ልኬያለሁ እኮ!» አለ ይርጋ።

«የታለ ታዲያ?»

«እስካሁን አልደረሰም? ሌላ እልካለሁ!»

እንግዲህ ጉድ ፈላ! ሰብለ «ማስተሩ አልበቃኝም ብለዋል» አለች፤ እማማ «ሲሚንቶውን ነው የሚያቦካው ወይስ የሚያጠምቀው?» አሉ፤ ጎረቤቱ ግን እንደገና ተሰለፈ። ሳፋው ሞላ፣ ድስቱ ሞላ። ዕቃ ሲጠፋ መሰላል አቁመው ጣሪያው ላይ ያለውን ጥቁር ሮቶ ሞሉት። ፀሐዩ ያቃጥላል። ማስተር አራጋው ራሱን ይዞ እየተንጎራደደ «እነዚህ ሰዎች ሊያሰጥሙኝ ነው! ኡኡ!» ብሎ ቤቱን በጩኸት አናወጠው።

ጨቅላዋ ነቃች። አለቀሰች፣ እሪ አለች። ሰብለ እሹሩሩ አለች፤ አልሆነም። እማማ ሮጠው በሩ ላይ ደረሱና እጃቸውን ዘረጉ። አቧራው ትዝ ሲላቸው እጃቸውን መልሰው አጠፉት። ይሄ አንገበገባቸው። እስከ ዛሬ የዋጡት ንዴት ሁሉ ወጣ።

«አንተ ማስተር! ልጄን ቀሰቀስካት፤ እኔ እንዳላባብላት አቧራ አለብኝ! ውሃ አልክ፣ ውሃ መጣ። ሌላ አልክ፣ ሌላ መጣ። ከእኛ ምንድን ነው የምትፈልገው?»

«እማማ፣ በእመብርሃን! ውሃ መቼ አልኩ? ውሃ ልክ ነው ያልኩት! ውሃ ልክ! ወለሉ ቀና ይሁን ዘመም የማይበት መለኪያ! የእኔን እብነ በረዱ ሲራገፍ ተጭኖ ሰበረብኝ። ያለ እሱ ባነጥፈው ውሃው ወደ መኝታ ቤት ነው የሚፈሰው!»

ጎረቤቱ ሁሉ የያዘውን ጀሪካን አስቀመጠ። አህያዋም ጆሮዋን አቆመች።

«ውሃ ልክ?» አሉ እማማ ቀስ ብለው። «ያ መሃሉ ላይ ብርጭቆ ያለው? ብርጭቆው ውስጥ አረፋ የሚሄድበት?»

«አዎ!»

«ቢጫ?»

«ቢጫም ይሆናል፣ እማማ። ለምን ጠየቁኝ?»

«ምነው ለእኔ ብትነግረኝ፣ አንተ ኩሩ! የግንበኛ ሚስት እኮ ነኝ!» ብለው ወደ ክፍላቸው ገቡ። ያንን ቢጫ ብረት ከመስኮቱ ሥር መዥረጥ አደረጉት፤ መስኮቱ ጓ ብሎ ተዘጋ። አቧራውን በነጠላቸው ጫፍ ሲጠርጉት አረፋዋ ብቅ አለች። «ምንዳዬ፣ ሞተህም ቤትህን ታቃናለህ» አሉና አለቀሱ፤ እያለቀሱም ሳቁ።

ከዚያማ ምን ቀረ! ውሃ ልኩ ተገኘ፣ ማስተሩ ሠራ። ማስተሩ ሠራ፣ እብነ በረዱ ከመንገድ ተነሥቶ ተነጠፈ። እብነ በረዱ ተነጠፈ፣ መንገዱ ተከፈተ። መንገዱ ተከፈተ፣ አህያዋ አለፈች፤ ባዶዋን ነው ያለፈችው፣ ግን ኩራቷን ብታዩ! ሴራሚኩ ተለጠፈ፣ ሻወሩ ተሰቀለ። እማማ ፎጣቸውን ይዘው ገቡና ከፈቱት።

ጠብ የሚል ጠፋ።

ማስተሩ ሰብለን አየ፣ ሰብለ ጋሽ ይመርን አየች። ለካስ ያ ከውጭ ውሃ የሚያስገባው የተቆረጠ ቧንቧ! ለካስ የቀጠለው የለም! «እኔ እብነ በረድ ነው የማነጥፈው፣ ቧንቧ አልነካም» አለ ማስተሩ። እማማ ከውስጥ «አልገባኝም፤ ደግሞ አሁን ማን እምቢ አለ?» ብለው ተጣሩ።

«ሮቶው!» ብላ ጮኸች ሰብለ። «ሮቶው ሙሉ ነው እኮ!»

አዎን፣ ያ በስህተት የተላከ ውሃ! ማስተሩ ሮጦ ወጣና ከሮቶው ወደ ሻወሩ የሚወርደውን መዝጊያ ከፈተው። ውሃው እየተንደቀደቀ ወረደ፤ ጣሪያ ላይ ፀሐይ ሲያሞቀው የቆየ ውሃ ነው። «እሰይ! ሙቅ ነው! ሙቅ ነው እኮ!» ይላሉ እማማ፤ አቧራው ከፀጉራቸው፣ ከትከሻቸው፣ ከእግራቸው እየተጠረገ ሄደ። ማስተር አራጋው ውሃው የሚሄድበትን እያየ «ወደ መኝታ ቤት አልሄደም» አለ።

እማማ ነጭ ቀሚስ ለብሰው ወጡና ተቀመጡ። ሰብለ ልጅቷን አምጥታ ክንዳቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። እማማ አንገቷን አሸተቱ፣ ግንባሯን ሳሙ፣ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

ድንገት እማማ ዓይናቸውን ገለጡ። ወደ ጭናቸው አዩ። ነጩ ቀሚስ ርሷል፣ ከጫፉም ጠብ ጠብ ይላል።

«አንቺን ደግሞ» አሏት ጠበቅ አድርገው እንዳቀፏት፣ «ውሃ ላኪ ያለሽ ማን ነው?»

ተረቴን መልሱ፤ ቤት ስትገቡም እግራችሁን አብሱ።