የዋኖስ ባል ጭቃ ላይ የተወው ዘፈን

ተረት አለኝ፣ ጠጋ በሉ! በየመሃሉ «ከዚያስ?» ካላላችሁኝ ግን እተወዋለሁ።

በድሮ ዘመን አንዲት ዋኖስ የምትባል ወፍ በወንዝ ዳር፣ ሾላ ዛፍ ላይ ከባሏ ጋር ትኖር ነበር። እሱ አውጪ፣ እሷ ተቀባይ ሆነው ሲዘፍኑ ወንዙ እንኳ ቀስ ይል ነበር አሉ። ምን ያደርጋል! ባልየው ታመመና ጉሮሮው ተዘጋ። ሞቱ እንደቀረበ ሲያውቅ ወደ ወንዙ ዳር ወረደ፤ የመጨረሻ ዘፈኑን እርጥቡ ጭቃ ላይ በእግሩ ጫረው። ወፍራም መስመር ሳበ፣ በጥፍሩ ወጋ ወጋ አድርጎ ነጠብጣብ ሠራ፣ ከዚያ ባዶ ቦታ ትቶ ቆመ። እንደገና ጫረ፤ እንደገና ባዶ ትቶ ቆመ።

«ምነው ባዶ ተውከው? ረሳኸው እንዴ?» አለችው።

ቀና ብሎ አያት እንጂ ምን ይመልስ! በማግስቱ ሞተ። ጭቃውም ዘፈኑን እንደያዘ ደረቀ።

ዋኖስ አንጀቷ አረረ። «ክረምት ሳይገባ፣ ጎርፍ ሳይወስድብኝ፣ አንዴ ብቻ ልስማው» ብላ አንባቢ ፍለጋ ወጣች።

መጀመሪያ አህያን ለመነች። «አያ አህያ፣ እባክህ አንብብልኝ።»

«ይሄማ ምን አለው! ወፍራሙ መስመር ጩኽ ማለት ነው» አለና አናፋ። ባዶውም ላይ አናፋበት።

«የሱ አይደለም» ብላ አለቀሰች።

ቀጥላ አውራ ዶሮን ለመነች። «አያ ዶሮ፣ አንተስ?»

ዶሮ አንገቱን አዘንብሎ አየ። «ነጠብጣቡ ጥሬ ነው፣ ባዶው የተበላው ነው» አለና ባዶውን እየዘለለ ኩኩሉ አለ። ሆዳም ምን ያያል!

«የሱ አይደለም» ብላ አለቀሰች።

ሰማዩ ጠቆረ። በመጨረሻ አዝማሪው ሞቶበት ሾላው ላይ ተንጠልጥሎ የቀረውን ማሲንቆ ለመነች።

«እህቴ፣ ይህን ምልክት እኔም አላውቀውም» አለ ማሲንቆ። «ግን ልሞክር። ባዶው ላይ ዝም እላለሁ፤ የማላውቀውን አልሞላም።»

ነፋሱ የጭራ ክሩን ነካለት። መስመሩን ሳበ፣ ነጠብጣቡን ነካ ነካ አደረገ፣ ባዶው ላይ ሲደርስ ዝም አለ። ያኔ ዋኖስ ሳታስበው፣ እንደ ልማዷ፣ ተቀበለች።

ተቀበለችና ክው አለች። «ወይኔ! ለካ አልረሳውም! ለካ የኔ ቦታ ነው! ቆሞ ያየኝ ተቀበዪኝ ሲለኝ ነው! ቀጥል ወንድሜ፣ ቀጥል!»

ማሲንቆው ቀጠለ፤ እሷም እያለቀሰች ተቀበለች። ግን ዶፉ ወረደ። መስመሩ ሟሟ፣ ነጠብጣቡ ጠፋ፤ ዘፈኑ ገና ግማሽ ላይ ሳለ ጭቃው ጭቃ ብቻ ሆነ።

«ቀጥሎ ምን ነበር?» አላት ማሲንቆው።

«እኔ እንጃ» አለች። «አውጪው እሱ ነበር። እኔ የማውቀው የኔን ብቻ ነው።»

ዋኖስ እስከ ዛሬ ትንሽ ዘፍና ዝም የምትለው ለዚህ ነው። ባሏ ቀጥሎ እስኪያወጣ እየጠበቀችው ነው።

አውጪው ቆሞ ሲጠብቀው ያልተቀበለ፣ ኋላ ለዝናብ ይዘፍናል። እኔ ተረቴን አወጣሁ፤ በሉ እናንተ ተቀበሉኝ።